«አይገባትም» ከማለታችን በፊት

(በማኅበራችን የነሐሴ ወር መደበኛ ስብሰባ ላይ በትምህርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ይህን ርዕስ የመረጥነው ወቅቱ ስለሆነ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሷል። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ጫማው በየቤታችን እየተሰላ ነው። በዚህ ወር ከቁጠባችን የተጠየቀው ብድርም አብዛኛው ለልጆች ትምህርት ነው። ከዚህ ሒሳብ ጎን ለጎን ግን ጮክ ተብሎ የማይወራ ሌላ ሒሳብ በየቤቱ አለ። «ወንድሟ ይቀጥል፤ እሷ ግን ትምህርት አይገባትም፤ ቤት ትዋልና ታግዘኝ» የሚለው ነው።

ይህ ቃል በወንድና በሴት ላይ እኩል አይወድቅም። ወንዱ ክፍል ሲደግም «ጨዋታ አበዛ፤ አላጠናም» ይባላል። ሴቷ ስትደግም «ጭንቅላቷ አይቀበልም» ይባላል። የእሱ የሚታረም ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል፤ የእሷ ግን ፍርድ ነው። ፍርዱን ደጋግማ የሰማች ልጅ ደግሞ ታምነዋለች። ካመነች በኋላ እጇን አውጥታ አትጠይቅም፤ ያልጠየቀች ደግሞ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በመጨረሻም የተባለው እውነት የሆነ ይመስላል። ዛሬ የምንነጋገረው ልጆች በትምህርት ላይ በምን በምን እንደሚለያዩ፣ በምን ደግሞ እንደማይለያዩ ነው። ይህን ለይተን ካወቅን የምንፈርደው ፍርድ ይቀንሳል፤ የምንረዳው ልጅ ይበዛል።

አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እንጀራውን የሚቆርሱት አብረው ነው። ስለ ልጆች ልዩነት ስንናገር ይህን ሁለተኛውን ነገር እንዳንረሳ።

ብዙዎቻችሁ «አንዳንዱ ልጅ በዓይኑ፣ አንዳንዱ በጆሮው፣ አንዳንዱ በእጁ ይማራል» ሲባል ሰምታችኋል። በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህራንም ይናገሩታል። ሐሳቡን በዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ ኒል ፍሌሚንግ የተባለ የኒው ዚላንድ መምህር ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ከአንድ ባልደረባው ጋር ተማሪዎች በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በመሥራት መማርን ይመርጣሉ ብሎ የመጠይቅ ዘዴ አውጥቷል። ከእርሱ በፊት በ1983 አሜሪካዊው ምሁር ሃዋርድ ጋርድነር የሰው ልጅ ብልህነት አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ነው የሚል መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች የተለያዩ ናቸው፤ ጋርድነር ራሱም በኋላ አትቀላቅሏቸው ብሏል። ሆኖም በሰው አፍ ተቀላቅለው ቀሩ።

እነዚህ ሐሳቦች አንድ በጎ ሥራ ሠርተዋል። አንድ ዓይነት አስተምሮ ሁሉ ያልገባውን ልጅ ደደብ ማለት ተገቢ አለመሆኑን ለብዙ መምህራን አሳይተዋል። ይሁን እንጂ በ2008 አራት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ምሁራን በጉዳዩ ላይ የተጻፈውን ሰብስበው መረመሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ «በጆሮ እማራለሁ» ያለውን በጆሮ፣ «በዓይን እማራለሁ» ያለውን በዓይን ብናስተምር በፈተና የተሻለ ውጤት ያመጣሉ ወይ? መልሳቸው፣ ይህን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ የለም፤ በደንብ ከተሠሩት ጥቂት ጥናቶችም አንዳንዶቹ ተቃራኒውን ያሳያሉ የሚል ነበር። ልጅ የሚወደው መንገድ ሊኖረው ይችላል። የሚወደው መንገድ ግን ሁልጊዜ የሚያስተምረው መንገድ አይደለም።

ይህ ለእኛ ለምን አስፈለገን? «የዓይን ልጅ»፣ «የጆሮ ልጅ»፣ «የእጅ ልጅ» የሚለው አከፋፈል ወደ ቤታችን ሲገባ መልኩን ስለሚለውጥ ነው። «ልጄ የእጅ ልጅ ናት፤ መጽሐፍ አይሆናትም» ሲባል ሰምተናል። የእጅ ልጅ የተባለችው ሴት ከሆነች መጨረሻዋ ማዕድ ቤት ነው፤ ወይም ዕድሜዋ ሳይደርስ የሰው ቤት ሥራ፤ ወይም በደላላ በኩል ዓረብ አገር። ለመምህሩ የማስተማሪያ ዘዴ የነበረው ቃል ለእሷ የመውጫ ወረቀት ይሆንባታል። ስለዚህ «ደደብ» የሚለውን ትተን «የእጅ ልጅ» በሚለው ብንተካው ምንም አላሻሻልንም።

ታዲያ እውነቱ የት ነው? እኛ ከምናውቀው ሙያ እንጀምር። እንጀራ መጋገር የተማርነው በምንድን ነው? በጆሮ ብቻ ነው? «ሊጡ ሲቀጥን» መባሉን የሰማች ሁሉ አልጋገረችም። በዓይን ብቻ ነው? ዓይን አወጣጡን አይተናል፤ ግን ማየት ብቻውን ሊጥ አያዞርም። በእጅ ብቻ ነው? ማንም ሳይነግረን አብሲቱ መቼ እንደሚጨመር ከየት እናውቅ ነበር? ተነገረን፣ አየን፣ ሞከርን፣ አበላሸን፣ እንደገና ሞከርን። ከመካከላችን «እኔ የጆሮ ልጅ ስለሆንኩ እንጀራ በወሬ ተማርኩ» የምትል የለችም። መንገዱን የመረጠው የእኛ ጠባይ ሳይሆን ሙያው ነው።

ትምህርትም እንዲሁ ነው። ካርታ ካልታየ አይገባም፤ ዓይኑን የሚወድም ጆሮውን የሚወድም ልጅ ካርታ ማየት አለበት። መዝሙር ካልተሰማ አይያዝም። ክፍልፋይ ለብዙ ልጆች የሚገለጠው አንድ ዳቦ ለአራት ሲቆረስ ነው። አንዱን ነገር በሁለትና በሦስት መንገድ ማግኘት ለሁሉም ልጅ ይጠቅማል። ልጆችን በየጎራው መክፈል ሳይሆን ለሁሉም መንገዱን ማብዛት ነው የሚሻለው።

ይህን ያረጁ ትምህርት ቤቶቻችንም ያውቁት ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ፊደልን ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ ብሎ በተራ ይቆጥራል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ። ልጁ ዜማውን ከያዘ ግን ፊደሉን ሳያይም ሊወርደው ይችላል፤ አፉ ያውቃል፣ ዓይኑ አያውቅም። ስለዚህ የኔታ ቀጥለው አቡጊዳ ያስቆጥሩታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ተራው ይዘበራረቃል፤ ዜማው ብቻውን አያድነውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ማታ ደግሞ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት የቃል ትምህርት አለ፤ በዚያ ላይ ቀደም ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ ጥቅሱን በእንጨት ሉህ ላይ በቀለም ይጽፋል፣ ድምፁን አውጥቶ ይቀራል፣ በቃሉ ሲይዝ ሉሁ ታጥቦ አዲስ ይጻፍበታል። ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍና እጅ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይሠራሉ። በነዚያ ቤቶች አርጩሜም ነበር፤ እርሱን አንመኝም። ዘዴውን ግን ልብ እንበል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ። ልጅ አንድን ነገር በአንድ ቦታ አቅቶት በሌላ ቦታ ሊችለው ይችላል። በ1985 በብራዚል ሬሲፌ ከተማ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው፣ ኮኮናትና የመሳሰለውን በመንገድ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ገዢ መስለው ቀረቧቸው። «ይህን ያህል ብገዛ ስንት ነው? መልሱስ?» እያሉ ጠየቁ። ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ቀጥሎ እነዚያኑ ስሌቶች እንደ ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሰጧቸው። ያን ጊዜ ያገኙት ከመቶ 37 ገደማ ነው። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ ስሌቱም ያው ነው።

እኛ ይህንን ለማመን ብራዚል መሄድ አያስፈልገንም። ከመካከላችን በጉልት ገበያ የምትነግድ አባል ሴት ልጅ አለቻት። ቲማቲም በኪሎ፣ ሽንኩርት በግማሽ፣ ቃሪያ በመደብ እያለች ሦስቱን ደምራ፣ የመቶ ብር መልስ ገዢው ቦርሳውን ሳይዘጋ ትቆጥራለች። ያቺው ልጅ በሒሳብ ፈተና ከ50 በታች ታመጣለች። ይህቺ ልጅ ሒሳብ አይገባትም ማለት አይቻልም። ያልገባት በገበያ የምታደርገው መደመርና በጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለው ምልክት አንድ መሆናቸው ነው። በገበያ የሠራችውን ማታ በደብተር ላይ በምልክት እንድትጽፈው ብናደርግ፣ ድልድዩ ይህ ነው። «አንቺ ለንግድ ነው የተፈጠርሽው» ማለት ግን ድልድዩን ማፍረስ ነው።

ሦስተኛው ነገር፤ ልጆች በእርግጥ የሚለያዩባቸው ነገሮች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የምናየው እዚያ አይደለም። አንዱ ዓይን ነው። መጽሐፍ አፍንጫዋ ድረስ የምታስጠጋ፣ ዓይኗን የምታጨናብስ፣ ከሰሌዳው ሳይሆን ከጎረቤቷ ደብተር የምትገለብጥ ልጅ ምናልባት የሚያስፈልጋት መነጽር ነው። ሌላው ጆሮ ነው። ጆሮዋ ደጋግሞ የሚመግልባት፣ ፊት ለፊት ሲጠሯት የምትመልስ ከኋላ ሲጠሯት ዝም የምትል ልጅ ንቀት የላትም፤ አልሰማችም። ሦስተኛው የንባብ ችግር ነው። በቃል ስትናገር ንቁ የሆነች፣ ነገር ግን ሰንና ለን፣ ቀንና ተን እያምታታች ዓመታት የምትቆይ ልጅ ዲስሌክሲያ የሚባለው ችግር ሊኖርባት ይችላል። ይህ የብልህነት ማነስ አይደለም፤ ተጨማሪ ጊዜና ፊደልን ከድምፅ ጋር አንድ በአንድ የሚያገናኝ ትዕግሥተኛ ትምህርት ይፈልጋል።

ቋንቋም አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በብሔረሰባቸው ቋንቋ እንዲማሩ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ልጅ ጎበዝ ሆና ቆይታ ቋንቋው ሲለወጥ በድንገት ብትወርድ የጠፋው አእምሮዋ አይደለም፤ የምትማርበት ቋንቋ ተለውጦባት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እንዲሰጥ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው ማንበብን የሚለምደው በሚናገረው ቋንቋ ሲሆን ይፈጥናል። በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

በመጨረሻም ጊዜ አለ። ከንጋቱ በፊት ተነስታ ውኃ የምትቀዳ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ዕቃ የምታጥብ፣ ሕፃን የምታዝል፣ ደብተሯን የምትከፍተው ሁሉ ከተኛ በኋላ የሆነች ልጅ ከወንድሟ ጋር በአንድ ፈተና ትለካለች። ወንድሟ ሁለት ሰዓት አጥንቶ 70 ቢያመጣ፣ እሷ በሩብ ሰዓት 50 ብታመጣ፣ ማን ነው ጎበዙ? ይህን ልዩነት የፈጠረው ተፈጥሮ አይደለም። የቤታችን የሥራ ድልድል ነው፤ ድልድሉን ደግሞ መለወጥ እንችላለን።

አራተኛውና ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው። «እኛ አልተማርንም፤ በምን እንርዳቸው?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። መልስ አለው። በ2006 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አንብበው ደግመው እንዲያነቡት አደረጉ፤ ሌላውን ጽሑፍ ግን አንድ ጊዜ አንብበው፣ ከዚያ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲለካ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ ከመቶ 81 ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት የያዙት ከመቶ 42 ሲሆን፣ ሳያዩ ካስታወሱት የያዙት 56 ነበር። ደጋግሞ ማንበብ ያወቁት ያህል ያስመስላል፤ ደብተር ዘግቶ ማስታወስ ግን ዕውቀቱን ያጸናል። ይህም ለሁሉም ዓይነት ተማሪ የሚሠራ ነገር ነው።

እስቲ ልብ በሉ፤ ደብተር አዘግቶ «በይ ንገሪኝ» ለማለት የግድ ማንበብ መቻል አያስፈልግም። ጆሮና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። እንዲያውም ያልተማረች እናት አንድ ብልጫ አላት፤ በእርግጥ ስለማታውቀው ልጇ ከልቧ ማስረዳት ይኖርባታል። «አልገባኝም፤ እንደገና አስረጂኝ» ስትላት ልጅቷ በሌላ ምሳሌ ትሞክራለች፤ ስትሞክር ለራሷ ይገባታል።

ስለዚህ ኮሚቴው አራት ነገሮችን ለማኅበሩ ያቀርባል።

አንደኛ፣ በቡና ሰዓት ልጆቻችንን እንጠይቅ። በአቦል ዛሬ የተማሩትን፣ በቶና ትናንት የተማሩትን፣ በበረካ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የተማሩትን ደብተር ሳያዩ ይንገሩን። ሲሳሳቱ አንቆጣ፤ ደብተሩን ከፍተው ራሳቸው ያርሙ። ቡና ያልተፈላ ቀን እንጀራው ሲጋገር ይሁን፤ ልብስ ሲታጠብም ይሆናል። ወንዱም ሴቷም ይጠየቁ።

ሁለተኛ፣ ክፍል የደገመች ወይም የደገመ ልጅ ካለ ከመፍረዳችን በፊት ዓይንና ጆሮ ይታይ። በቤታችን ቀላል ሙከራ እናድርግ፤ በክፍሉ ሌላ ጫፍ ቆመን የቀን መቁጠሪያውን ቁጥሮች እናስነብብ፤ ከኋላ ሆነን በዝግታ እንጥራ። ጥርጣሬ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። ከማኅበሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ተቀማጭ ለመነጽር ብድር እንዲፈቀድ ለዛሬው ጉባኤ ሐሳብ አቅርበናል።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ይከበርላት። በዚያ ሰዓት አትላክም፣ አትጠራም። ቤቱ ጠባብ ከሆነ በየሰፈራችን በተራ ቤት እንክፈት፤ በሳምንት ሦስት ቀን የአምስትና የስድስት ቤት ልጆች አብረው ይቀመጡ፤ ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስጠኑ። የሚያስጠናው ልጅም ይማራል እንጂ አይጎዳም።

አራተኛ፣ በዚህ ዓመት ማንኛዋም አባል «አይገባትም» በሚል ምክንያት ብቻ ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳታስወጣ እንስማማ። ሌላ ችግር ካለ፣ ገንዘብም ይሁን ሕመም፣ ለዚህ ነው ማኅበር ያቋቋምነው፤ እናምጣውና እንነጋገርበት። ከመወሰናችን በፊት ግን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ታያለች ወይ? ትሰማለች ወይ? የምታጠናበት ጊዜ ሰጥተናታል ወይ?

ከመምህራን ጋር ስንነጋገርም ቃላችንን እንምረጥ። «ልጄ ምን ዓይነት ተማሪ ናት?» ከማለት «የትኛው ትምህርት ላይ ነው የተሰናከለችው? ከየት ጀምሮ?» ብንል ይሻላል። የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያቃታት ልጅ ብዙ ጊዜ የተቸገረችው ሦስተኛ ክፍል ላይ ባመለጣት ማካፈል ነው። ቤት ሲሰነጠቅ ግድግዳውን ብቻ ቀለም አንቀባም፤ መሠረቱን እናያለን።

እኛ ራሳችን ተማሪዎች መሆናችንንም አንርሳ። ይህ ማኅበር ሲጀመር ከመካከላችን ብዙዎች በቁጠባ ደብተር ላይ በጣት አሻራ ነበር የሚፈርሙት። ዛሬ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ቀሪ ሒሳባቸውን ያነባሉ። አንዳንዷ በሦስት ወር፣ አንዳንዷ በሁለት ዓመት ደረሰች። አንዷ ከቁጥር ጀመረች፣ አንዷ ከልጆቿ ስም ጀመረች። ማንኛችንንም ግን «አይገባሽም» ብሎ ከዚህ ክፍል ያስወጣን የለም። ለራሳችን የሰጠነውን ትዕግሥት ለልጆቻችን አንንፈግ።

 አሁን ወደ ውይይቱ እንግባ፤ በመጀመሪያ ስለ መነጽሩ ብድር፣ ቀጥሎ በየሰፈሩ ቤት ለመክፈት ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን እናስመዝግብ።